በጉን ባታገኘውስ?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። ሥራ ከያዝኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ብድር የለብኝም፤ ለክፉ ቀን የስድስት ወር ወጪዬን አስቀምጫለሁ፤ ለጡረታዬም በየወሩ እቆጥባለሁ። ጓደኞቼ «ሳንቲም ቆጣሪው» ይሉኛል፤ አይከፋኝም። ከአባቴ ጋር ማደን የጀመርኩት በ12 ዓመቴ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ነገር ከሐሳቤ ጠፍቶ አያውቅም፤ ዳል ሺፕ የሚሉት የአላስካው ነጭ የዱር በግ። ለእሱ ብዬ በከፈትኩት ሒሳብ ውስጥ ከሚያስፈልገኝ ገንዘብ ሁለት ሦስተኛው ተጠራቅሟል።

አሁን ግን ልቤ ለሁለት ተከፈለ። በዚያው ገንዘብ ናሚቢያ ሁለቴ፣ ምናልባትም ሦስቴ ሄጄ በየጉዞው አራት አምስት እንስሳ ማደን እችላለሁ። በጉን ግን ሳላገኘው ብመለስስ? ጓደኞቼ «በግ የጡረተኛ አደን ነው፤ ያኔ ትደርስበታለህ» ይሉኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጋባት ከእጮኛዬ ጋር ተስማምተናል፤ እሷ «ያንተ ሕልም ነው» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። አባቴ «ሂድ» ብሎኛል። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ ባዶ እጄን ብመለስ ራሴን ይቅር የምል አይመስለኝም። በጉን ልሞክር፣ በቀላሎቹ ልጀምር ወይስ ልቆይ?

ሳንቲም ቆጣሪው

ወንድሜ ሳንቲም ቆጣሪው፣

ስለ ቁጠባህ ብዙ የምመክርህ የለኝም፤ ብዙዎች በ45 ዓመታቸው ያልደረሱበትን በ28 ይዘኸዋል። ልሸነግልህ ግን አልፈልግም። ዛሬ የምታወጣው 10,000 ዶላር በዓመት 5 በመቶ እያፈራ 30 ዓመት ቢቀመጥ 43,000 ያልፋል። የሕልምህን ዋጋ በወረቀት ላይ ስትጽፍ እሱንም አብረህ ጻፍ። ጽፈኸው አሁንም «እሄዳለሁ» ካልክ ጉዳዩ የገንዘብ መሆኑ አብቅቷል፤ ሞኝነት ነው ብሎ የሚከስህ ቢኖር መልስ አለህ። አንድ ነገር ብቻ በጥብቅ እከለክልሃለሁ፦ የጎደለውን አንድ ሦስተኛ በብድር ወይም በክሬዲት ካርድ እንዳትሞላው። የክፉ ቀኑንም ገንዘብ እንዳትነካው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤህ እንመለስ። ደጋግሜ አነበብኩት። በጉን ሳታገኝ የመመለስ ፍርሃትህ ሁለት ጊዜ ተነስቷል። ስለ ተራራው ግን አንድም ቃል የለም። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ መውጣቱ፣ ከአንድ ሸንተረር ሆኖ ማዶውን ቀኑን ሙሉ በመነጽር ስለማየቱ ምንም አላልክም። ምናልባት ደብዳቤው እንዳይረዝም ብለህ ይሆናል። ቢሆንም ቆም ብዬ እንድጠይቅህ አድርጎኛል፦ ልትገዛ የተነሳኸው ምንድን ነው?

ይህን የምጠይቅህ ያነጻጸርካቸው ሁለት ጉዞዎች የሚሸጡት በተለያየ ስሌት ስለሆነ ነው። ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሜዳ አራዊት አደን ብዙውን ጊዜ በሁለት መስመር ይሰላል። አንደኛው የቀን ክፍያ ነው፤ አልጋው፣ ምግቡ፣ መኪናው፣ ሙያተኛው አዳኝና ዱካ ተከታዩ በዚያ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው በእያንዳንዱ እንስሳ ላይ የተቆረጠ ዋጋ ነው፤ የቆላ አጋዘኑ ይህን ያህል፣ ኢምፓላው ይህን ያህል፣ ከርከሮው ይህን ያህል፣ የሳላ ዘመድ የሆነው ጌምስቦክ ይህን ያህል ተብሎ ዝርዝር ይሰጥሃል። ያልተኮስክበትን አትከፍልም። አቁስለህ ያጣኸውን ግን ትከፍላለህ፤ ደም ከፈሰሰ ሒሳቡ ተመዝግቧል። ስለዚህ እዚያ ሄደህ የምታወጣውን ጣትህ ይወስነዋል ማለት ይቻላል። አራዊቱም ብዙ ነው፤ ሳምንት ቆይቶ ምንም ሳይተኩስ የሚመለስ ሰው ብርቅ ነው። ለቆጣቢ ሰው ይህን የመሰለ ግልጽ ሒሳብ ያለው ትልቅ አደን አላውቅም።

የበጉ ሌላ ነው። ለአስር ቀን ያህል ሙሉ ዋጋ ትከፍላለህ፤ አገኘኸው አላገኘኸው ዋጋው ያው ነው። የመንግሥቱ ድርሻ ትንሽ ነው፦ ከአላስካ ውጭ ለሚመጣ አሜሪካዊ የአደን ፈቃዱ 160 ዶላር፣ የበጉ ታግ፣ ማለትም አንድ በግ ለመግደል የሚገዛው ልዩ ፈቃድ፣ 850 ዶላር ነው፤ የውጭ ዜጋ ከዚህ ይጨምራል። የቀረው ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ለመሪው፣ ለትንሿ አውሮፕላንና ለካምፑ ነው። ያለ መሪ ልሂድ ብትል ሕጉ አይፈቅድልህም፤ ነዋሪ ያልሆነ ሰው በአላስካ የዱር በግ፣ የተራራ ፍየልና ቡናማ ድብ ማደን የሚችለው ፈቃድ ካለው መሪ ጋር ወይም እዚያ ከሚኖር የቅርብ ዘመዱ ጋር ብቻ ነው። ከአሜሪካ ዜግነት ውጭ ከሆንክ ደግሞ ለማንኛውም ትልቅ አውሬ መሪ ግዴታ ነው።

እንዲያውም በጉን አግኝተኸው ላታገኘው ትችላለህ። በብዙው የአላስካ ክፍል ሕጋዊ የሚባለው ወንድ በግ ቀንዱ ዞሮ ሙሉ ክብ የሠራ፣ ወይም ስምንት ዓመት የሞላው፣ ወይም የሁለቱም ቀንዶቹ ጫፍ የተሰበረ ነው። ቀንዱ ሙሉ ክብ ለመሆን ሰባት ስምንት ዓመት ይፈጅበታል፤ ከ12 ዓመት በላይ የሚኖር በግ ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ የምትፈልገው በዕድሜው ማምሻ ላይ ያለ፣ ሰው በማይደርስበት ገደል መኖርን የተማረ ሽማግሌ ነው። በስድስተኛው ቀን ዝናብ ውስጥ በሆድህ ተስበህ 250 ሜትር ድረስ ቀርበህ፣ መሪህ በቴሌስኮፑ ረጅም ጊዜ አይቶ «ሁለት ጣት ይጎድለዋል» ሊልህ ይችላል። ያን ጊዜ ትነሳና ትመለሳለህ። ወቅቱ በአብዛኛው ከኦገስት 10 እስከ ሴፕቴምበር 20 ነው፤ ጭጋግ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ቢያስቀምጥህ ማንም የሚመልስልህ ገንዘብ የለም።

ይህን ስታነብ ልብህ ከተነሳሳ ጥሩ ምልክት ነው። ትከሻህ ከወደቀ ግን ሌላ ምልክት ነው፤ ናሚቢያ ሂድ፣ ማንም አይታዘብህም። ተራራውን ልኑረው ብለህ የምትሄድበትንና እንስሳውን ላግኝ ብለህ የምትሄድበትን ጉዞ ማምታታት ነው ብዙ ሰው የሚያስቆጨው። የሰባት ዓመት ቁጠባውን ከፍሎ «በጉን አልሰጡኝም» ብሎ የተቆጣ ሰው አውቃለሁ። መሪው ግን ቃሉን አጥፎ አያውቅም፤ የሸጠለት አስር ቀን ነበር፣ አስሩንም ሰጠው።

ስለዚህ «በዚህ ገንዘብ ስንት እንስሳ» የሚለው ስሌትህ ለናሚቢያ ይሠራል፤ ለበጉ አይሠራም። ለበጉ የሚሠራው ጥያቄ አንድ ነው፦ አስር ቀን ወጥተህ ወርደህ ሳትተኩስ ብትመለስ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስለዚያ ጉዞ እንዴት ታወራለህ? መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ። ከአባትህ ጋር ሆነህ ተነጋገርበት፤ ከሁሉም ሰው አጭሩን ምክር የሰጠህ እሱ ነው፣ ለምን «ሂድ» እንዳለህ አልጠየቅኸውም መሰለኝ።

«የጡረተኛ አደን ነው» የሚሉህ ጓደኞችህ የያዙት ግማሽ እውነት ነው። ዋጋው ጡረተኛን ይመስላል፤ ዳገቱ ግን አይመስልም። ከ30 ዓመት ዕድሜ ገደማ ጀምሮ ስፖርት የማይሠራ ሰው ልብና ሳንባው የሚችሉት ከፍተኛ ሥራ በየአስር ዓመቱ አንድ አስረኛ ያህል ይቀንሳል፤ ጉልበትና ወገብ የሚያመጡት ጣጣ ሲጨመር ሌላ ነው። ናሚቢያ ውስጥ መኪና አለ፤ በ60 ዓመትህም ጥሩ አደን ታድናለህ። የተራራ አደንን በ60 የሚያድኑ የሉም ማለቴ አይደለም፤ አሉ፣ ግን ሙሉ ሕይወታቸውን ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ናቸው። ዋጋውም ቆሞ አይጠብቅህም። የሰሜን አሜሪካ የዱር በግ አራት ዓይነት ነው፤ ዳል ከአራቱ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ነው፣ የካናዳው ስቶን ሺፕ ዛሬ የጥሩ አዲስ መኪና ዋጋ ይጠይቃል። ትልቁ ቀንድ በግ ደግሞ አብዛኛው ሰው በዕጣ የሚያገኘው ሲሆን ዕጣው ሳይወጣላቸው የሚያረጁ ብዙ ናቸው።

ወጣትነት ብቻውን ግን እግር አይሆንም። የራሴን ልንገርህ። በ33 ዓመቴ አንድ ሰው በሰረዘው ቦታ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ የተራራ ፍየል አደን በአንድ ሦስተኛ ቅናሽ ተገኘልኝ። ጉዞው ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እንዳንተው ቆጣቢ ነኝና ዘልዬ ገባሁበት። አዲስ ቦት ጫማ ገዛሁ፣ ሁለት ቅዳሜ በሜዳ ላይ ተራመድኩበት፣ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተረከዞቼ ተልጠው ደም አቆሩ። መሪው ብቻውን ወጥቶ ማታ ሲመለስ ስላየው ትልቅ ፍየል በትሕትና ነገረኝ፤ በማግስቱም እንዲሁ። የተቀነሰልኝን ገንዘብ ድንኳን ውስጥ ተጋድሜ ስቆጥር ከረምኩ። የተሰረዙ ቦታዎች መጥፎ ናቸው እያልኩህ አይደለም፤ አግብተህ ልጅ እስክትወልድ ድረስ በአጭር ጊዜ ተነስተህ መሄድ መቻልህ ትልቅ ሀብትህ ነው። ዋጋ የሚኖረው ግን ሰውነትህ ዓመቱን ሙሉ ዝግጁ ሆኖ የጠበቀ እንደሆነ ነው።

በመካከል ያለ ነገር ትፈልግ እንደሆነ ካሪቡ የሚሉት የሰሜን አጋዘን አለ። አሜሪካዊ ከሆንክ ያለ መሪ ማደን ትችላለህ፤ ትንሽ አውሮፕላን ወስዳ ታወርድህና በቀጠሮው ቀን ትመለሳለች። በወረድክበት ቀን ማደን ግን በሕግ የተከለከለ ነው፤ እስከ ማግስቱ ሌሊት 9 ሰዓት ትጠብቃለህ። ዋጋው ከበጉ በብዙ ያነሰ ነው፤ ተራራ ላይ ራስህን ችለህ መኖርንም ያስተምርሃል። ሙስ የሚሉትን ግዙፍ የአጋዘን ዘመድ ግን ለመጀመሪያው አልመክርህም። አንድ ትልቅ ወንድ ሙስ 225 ኪሎ ያህል ንጹሕ ሥጋ ይወጣዋል፤ ሕጉ ሥጋውን ጥለህ እንድትሄድ አይፈቅድም፣ ቀንዱንም ከሥጋው አስቀድመህ ማውጣት አትችልም። ሁለት ሰው ሆናችሁ ረግረግ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ስትሸከሙት ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው ሰዎች ሁለተኛውን ሙስ ወንዝ ዳር ካልሆነ አይተኩሱም።

አሁን አንተ በምትወደው ሜዳ ላይ እንገናኝ፤ ሒሳብ። «ከሚያስፈልገኝ ሁለት ሦስተኛው» ስትል የትኛውን ድምር ማለትህ ነው? ድርጅቱ የነገረህን ዋጋ ከሆነ ሁለት ሦስተኛ ላይ አልደረስክም። ፈቃዱና ታጉ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ውጭ ናቸው። ከከተማ ወደ ካምፕ የሚወስደው አውሮፕላንም እንዲሁ። አየሩ ሲበላሽ በመሄጃም በመመለሻም የሚጨመሩ የሆቴል ሌሊቶች አሉ፤ የተለወጠ የአየር ትኬት አለ። ለመሪው የሚሰጥ ጉርሻ አለ፤ ከአደኑ ዋጋ አንድ አስረኛ ገደማ መያዝ የተለመደ ነው፣ በጉን ባታገኝም ተራራውን አብሮህ ወጥቷልና ይሰጠዋል። ሥጋውን ወደ ቤት ማጓጓዝ፣ ቀንዱን ማሠራት፣ ከሰው በማይደረስበት ቦታ ብትጎዳ በሄሊኮፕተር የሚያወጣህ መድን፣ ያለ ደሞዝ የምትወስደው ፈቃድ ካለ እሱም። ከዕቃ የሚያዋጣው ጫማ፣ መነጽርና የዝናብ ልብስ ላይ ማውጣት ነው። ጠመንጃ አዲስ እንዳትገዛ፤ ከአባትህ ጋር ስታድንበት የነበረው፣ በ300 ሜትር የት እንደሚመታ እጅህ የሚያውቀው ይበቃል።

ናሚቢያም የራሷ ወጥመድ አላት። እዚያ ሰው የሚከስረው ከተኮሰ በኋላ ነው። አምስት እንስሳ ተኩሰህ ቆዳውንና ቀንዱን ማጽዳት፣ ማሸግ፣ የእንስሳት ጤና ወረቀት ማሟላት፣ መጫን፣ ከዚያም ቤት ሲደርስ ማሠራት ሲደመር አንዳንዴ ከአደኑ ዋጋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይገጥማል። «አራት አምስት እንስሳ» ያልከው በዚህ ተሰልቷል? ሥጋው እዚያው ይቀራል፤ ይበላል፣ ይሸጣል፣ አይባክንም፤ አንተ ጋ ግን አይመጣም። የአንድ የቆላ አጋዘን ቀንድ ብቻ አምጥቶ የቀሩትን በፎቶ መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጠመንጃም ከእነሱ ተከራይተህ የጉምሩኩን ጣጣ ማምለጥ ትችላለህ።

መሪውን ስትመርጥ የምታውቀውን ጥንቃቄህን ሁሉ አውጣ። የአላስካ መሪዎች በክልሉ መንግሥት ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው፤ ፈቃዱ የጸና መሆኑን ማጣራት ትችላለህ። አንድ የተመዘገበ መሪ በአንድ ጊዜ መሥራት የሚችለው በሦስት የአደን ክልሎች ብቻ ስለሆነ «የት ነው የምትወስደኝ?» ስትለው በስም ሊነግርህ ይገባል። በቅርብ ዓመታት ስንት ደንበኛ ወሰደ፣ ስንቱ በግ አገኘ? በአንዳንድ አካባቢ ያለፉ ከባድ የበረዶ ወራት የበጉን ቁጥር ክፉኛ ቀንሰውታል፤ ይህን ሳይሸሽግ የሚነግርህ ሰው ከምንም ይሻላል። የቀድሞ ደንበኞቹን ስልክ ሲሰጥህ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሁለት ሰዎች ጨምርልኝ በለው። ያገኘማ ሁሉም ያመሰግናል። ቀብዱ ብዙውን ጊዜ የዋጋው ግማሽ ነው፤ አንተ ብትታመም፣ እሱ ቦታውን ቢያጣ፣ ወቅቱ ቢዘጋ ቀብዱ ምን እንደሚሆን በውሉ ላይ ካልተጻፈ አትፈርም።

እጮኛህን በተመለከተ «ያንተ ሕልም ነው» የሚለው አነጋገር ፈቃድ ይመስላል፤ እኔ ግን በረከት ብዬ አልቆጥረውም። ድምሩን ሙሉ አሳያት፤ የ30 ዓመቱን ስሌት ጭምር። ቀብዱን ከመክፈልህ በፊት እንጂ ከከፈልክ በኋላ አይሁን። ሠርጉና በጉ በአንድ ዓመት እንዳይገናኙም ተጠንቀቅ።

እንግዲህ ፍርዴን ጠይቀሃል። ባዶ እጅ የመመለሱን ጥያቄ በሰላም ከመለስከው በጉን ሞክር፤ በመጪው ኦገስት ግን አይሁን። ጥሩዎቹ መሪዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ዓመት በፊት ስለሚያዙ መጠበቁ አይቀርልህም፤ የጎደለውን ለመሙላትም ሰውነትህን ለማዘጋጀትም ጊዜ ይሰጥሃል። ከሠርጉ በፊት ባለው ኦገስት ከቻልክ እሰየው፤ ካልተቻለ ከሠርጉ በኋላ ባለው ሁለተኛ ዓመት። በዚህ መሃል ኔቫዳና ዋዮሚንግ በመሰሉ የአሜሪካ ክልሎች ለትልቁ ቀንድ በግ ዕጣ ነጥብ መሰብሰብ ጀምር፤ ነጥብህ በበዛ ቁጥር ዕጣው የሚወጣልህ ዕድል ያድጋል። ኔቫዳ ነጥብህን በራሱ አባዝታ ነው ዕጣ የምታወጣው፤ ማንም ወጣት ከማንም ሽማግሌ የሚበልጥበት ነገር ቢኖር እንዲህ ያለውን ሰልፍ ቀድሞ መያዝ ነው።

ከቀብዱ በፊት አንድ ፈተና ስጥልኝ። 20 ኪሎ ጭነህ ሦስት ተከታታይ ቀን ዳገት ውጣ፤ በዝናብ ቢሆን ይመረጣል፤ ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ እደር። በአራተኛው ቀን ጠዋት መነሳት ካልተመኘህ ሳትከፍል ብዙ ነገር አውቀሃል። ከተመኘህ ለመሪው ደውል። ጫማውን ግን ዛሬውኑ ግዛው፤ ጉዞው እስኪደርስ ሁለት ክረምት ይልመድህ። ተረከዝህ ላይ ሲጫንህ ደግሞ ያልፋል ብለህ አትጠብቅ፤ ሌላ ቁጥር ቀይር።